ለአሮጌ ሚኒባስ የትኛው ቴርሞስታት? የድሬ እና የሐረር ሾፌር መምረጫ

ድሬዳዋ ላይ ሚኒባስ ፈላ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ምክር የታወቀ ነው። «አቦ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው! በዚህ ሙቀት ምን ይሠራልሃል?» መካሪው ክፋት የለበትም። ብዙ ሾፌር አውጥቶ ነው የሚነዳው፤ አንዳንዱም ለጊዜው ተገላግሏል። እኔ ግን በዚህ ምክር ፈጽሞ አልስማማም፤ በተለይ በድሬና በሐረር መካከል ያለውን የደንገጎ ዳገት ለሚወጣ መኪና። ቴርሞስታት፣ ማለትም የሞተሩ ውሃ ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን በር እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው ዕቃ፣ ከሞተር ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። እሱን ለማስቀረት ሲባል መጨረሻ ላይ የሚከፈልበት ግን ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው።

ስለዚህ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። በዋናነት የማወራው 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የናፍጣ ሞተር ስላለው፣ ዶልፊን ስለምንለው ቶዮታ ሀይኤስ ነው። ሌላ አሮጌ ሚኒባስ ያላችሁም አብዛኛው ነገር ይሠራላችኋል።

መጀመሪያ መንገዱ

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በደንብ የሚፈተነው ግን መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከድሬ ወጥቶ በጠመዝማዛው ደንገጎ እስኪደርስ። እዚያ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይሆናል። የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ሥራውን አክብዶ ወጪውን ስላናረው ሐዲዱ ከታች ቀረ፤ ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1902 ተቆረቆረች። ባቡሩ የተወውን ዳገት ነው እንግዲህ ዛሬ አሮጌ ዶልፊን ሰው ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ ጭኖ፣ በከባድ ማርሽ የሚወጣው።

ከፍታ ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል። ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ድሬ ላይ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረር ላይ 94፣ ደንገጎ አናት ላይ ደግሞ 93 ገደማ። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ቴርሞስታት የሚወስነው ምንድን ነው?

ውስጡ ሰም ያለበት ትንሽ የብረት ኩባያ አለ። ሰሙ ሲሞቅ ይቀልጥና ያብጣል፤ በሩን ገፍቶ ይከፍታል። ሲቀዘቅዝ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። ላዩ ላይ 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት 82 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል፤ 95 አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቴርሞስታት የሚወስነው ሞተሩ ከስንት በታች እንዳይቀዘቅዝ ነው። ከላይ በኩል ያለውን የሚወስኑት ራዲያተሩ፣ ፋኑ፣ የውሃ ፓምፑና ክዳኑ ናቸው። አንዴ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ቴርሞስታት የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር የለም። ስለዚህ ጤነኛ ቴርሞስታት ያለው መኪና ደንገጎ ላይ ከፈላ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉት።

አውጥቶ መንዳት

ይህንን ረዘም አድርጌ ነው የማየው፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሚያደርገው እሱን ነው።

የወጣውን ቴርሞስታት በእጃችሁ ያዙና ከታች በኩል ተመልከቱት። ከሞላው ሥር ትንሽ ክብ ሳህን ታያላችሁ። ያቺ ሳህን ለማማር አልተቀመጠችም። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ውሃው ራዲያተር ሳይገባ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበት ቀዳዳ አለ። ሞተሩ ሲሞቅና ዋናው በር ሲከፈት ሳህኗ ወርዳ ያንን አቋራጭ ትደፍናለች። ያኔ ውሃው ሁሉ ግድ በራዲያተሩ ያልፋል።

ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ስትጥሉ ሳህኗም አብራ ትጣላለች። አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። ውሃ ደግሞ ቀላሉን መንገድ ነው የሚመርጠው። ከፊሉ የፈላ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሜዳ ላይ፣ በከዚራ ጥላ ሥር በቀስታ ስትነዱ ይህ አይታወቅም። ዳገት ላይ፣ ሙሉ ጭነት ሲኖር፣ ራዲያተሩ ያለ የሌለ አቅሙን መጠቀም ሲኖርበት ነው ጉዱ የሚወጣው። በቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ላይም ሞተሩ የመሞቅ ጠባይ ቢያሳይ እንኳ ቴርሞስታቱን አታውጡ፣ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል የሚል ማሳሰቢያ አለ። እንዲቀዘቅዝልን ብለን ያወጣነው ዕቃ እንዲፈላ ያደርገዋል ማለት ነው።

አንዳንድ ሜካኒክ ይህንን ስለሚያውቅ የአቋራጩን ቀዳዳ በብሎን ወይም በጎማ ይደፍናል። ያኔ መፍላቱ ሊተው ይችላል። ግን ሌላኛው ጣጣ ይመጣል፦ ሞተሩ አይሞቅም። ሙቀት አገር ነው ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። አየሩ 35 ዲግሪ ቢሆን ለሞተር ቀዝቃዛ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ከ80 በላይ ነው። ሐረር ላይ ንጋት ተነስታችሁ ወደ ድሬ ስትመጡ አስቡት። ሌሊቱ ቀዝቅዟል። ከደንገጎ ጀምሮ ቁልቁለት ነው፤ እግራችሁ ነዳጅ ላይ የለም፤ ንፋሱ ራዲያተሩን ይመታዋል። የሙቀት ጌጁ ከታች አይነሳም። ሞተሩ ያንን ሁሉ መንገድ ሳይሞቅ ይወርዳል፣ ድሬ ገብቶ ሰው ይጭናል፣ ተመልሶ ዳገቱን በሙሉ ጉልበት ይወጣል።

ቀዝቃዛ ናፍጣ ሞተር ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም። ነጭ ጭስ ያጨሳል፤ ነዳጅ ይበላል። ያልተቃጠለው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ዘይቱ ውስጥ የገባ እርጥበት ስለማይተን ክዳኑ ሥር ክሬም የመሰለ ነገር ይይዛል። ቀለበቶቹና ሲሊንደሩ ይበላሉ። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ማንም ከቴርሞስታት ጋር አያይዘውም። «ሞተሩ ስላረጀ ነው» ይባልና ይታለፋል።

አውጥቶ መንዳትን የምቀበልበት አንድ ሁኔታ ብቻ አለ። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ተነክሶ መንገድ ላይ ከቀራችሁ፣ አውጥታችሁ በቀስታ እስከ ጋራዥ ወይም እስከ ቤት ድረስ ንዱ። ከዚያ ወዲያ አይሆንም።

ያገለገለ መግጠም

ሞተር ወርዶ ከተሸጠ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ቴርሞስታት ይገኛል። ሻጩ «የጃፓን ነው፣ ከአዲሱ የቻይና ይበልጣል» ይላችኋል። ያገለገለ ማርሽ ሳጥን ወይም በር ሲሆን ይህ አባባል ያስኬዳል። ቴርሞስታት ላይ ግን አይሠራም። ሰሙ በዓመታት መሞቅና መቀዝቀዝ ይደክማል፤ ጎማው ይደርቃል፤ ዘንጉ ላይ የውሃ ድንጋይ ይይዛል። ከምን ዓይነት ሞተር እንደወጣም አታውቁም። ምናልባት ያ ሞተር የወረደው ፈልቶ ሊሆን ይችላል። የምታተርፉት ገንዘብ ትንሽ ነው። እኔ አልገዛውም።

አዲስ፣ ግን ርካሹ

እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችን የምንገዛው ይህንን ነው፤ ማፈሪያም አይደለም። ደህና የሆነ አለ፤ ከካርቶኑ ሲወጣ የተበላሸም አለ። ችግሩ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ልዩነቱን አለመናገሩ ነው። «ኦሪጅናል» ብሎ የሚጽፈው ፌኩም ጭምር ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ማየት የምትችሏቸው ነገሮች አሉ። ዲግሪው ካርቶኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ብረቱ ላይም መቀረጽ አለበት። በሩ ሲዘጋ ግጥም ይበል፤ ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ስታዩት ዙሪያውን ብርሃን ማሳለፍ የለበትም። ዳር ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን ያላት የአየር ማሳለፊያ ቀዳዳ መኖሯን አረጋግጡ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አጠገብ ለአጠገብ አስተያዩ፦ የዙሪያው ስፋት፣ የቁመቱ ርዝመት፣ የታችኛዋ ሳህን ስፋት። ቁመቱ ካጠረ ሳህኗ አቋራጩ ላይ አትደርስም፤ እንዳልገጠማችሁት ቁጠሩት።

ከዚያ ቤት ወስዳችሁ ቀቅሉት። ይህንን ማንም ሊያደርገው ይችላል። ድስት ውስጥ ውሃ ጣዱ። ቴርሞስታቱን በሩ ላይ ክር አስገብታችሁ ዝጉትና አንጠልጥሉት፤ የድስቱን ቂጥ እንዳይነካ። ቴርሞሜትር ካላችሁ አብራችሁ ንከሩ። በሩ ሲከፈት ክሩን ይለቅና ቴርሞስታቱ ጠብ ይላል። 82 የተባለው 80 እና 84 መካከል ከለቀቀ ደህና ነው። ከዚያ ውሃው በደንብ ይፍላና የተከፈተበትን መጠን እዩ፤ ሲሞቅ በሩ ከ8 ሚሊ ሜትር ያላነሰ መከፈት አለበት። አውጥታችሁ ስታቀዘቅዙት ደግሞ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥሮች እዚህ ይገባሉ። ሐረር ውስጥ ድስት 94 አካባቢ ስለሚፈላ ከዚያ በላይ አይሞቅም። 82ቱ እዚያ ላይ መጨረሻው ድረስ ላይከፈት ይችላል። 88 የሆነው ደግሞ በከፊል ብቻ ነው የሚከፈተው። ይህንን አይታችሁ «ፌክ ነው» ብላችሁ አትመልሱት። መሞቅ ያቆመው ውሃው ነው፤ ዕቃው ጤነኛ ነው።

አዲስ ኦሪጅናል

ዋጋው ከርካሹ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ከታመነ ሱቅ ካገኛችሁት ግን ያለ ጭንቀት ግዙት። ትርፉ የሚታየው ከጊዜ በኋላ ነው፦ ሰሙ ቶሎ አይደክምም፤ የሚከፈትበት ዲግሪም አይንሸራተትም። ሻጩ የመኪናውን ስም ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ዓይነት ከጠየቃችሁ ጥሩ ምልክት ነው። «ለሁሉም ዶልፊን ይሆናል» ካለ ተጠንቀቁ። ድሬ ላይ ካጣችሁ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ሊያመጣላችሁ ይችላል፤ ግን የአሮጌውን ፎቶና ልኩን ላኩለት። ኦሪጅናል የተባለውንም ቢሆን ቀቅሉት፤ ከአንድ ድስት ውሃ በላይ ምንም አያስወጣም።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ ድሬና ሐረር የሚመላለስ መኪና ኦሪጅናል ይገባዋል። እዚያው ድሬ ውስጥ፣ ከሳቢያን እስከ መጋላ ለሚሽከረከር ወይም ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርስ የቤት መኪና ተቀቅሎ የተፈተነ አዲስ ርካሽ ቴርሞስታት ይበቃዋል።

76፣ 82 ወይስ 88?

ብዙ ሰው «ድሬ ሙቀት ስለሆነ 76ቱን ስጠኝ» ይላል። 76ቱ ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ እውነት ነው። ዳገቱ ላይ ግን 76ቱም 82ቱም ሙሉ በሙሉ ተከፍተዋል። ራዲያተሩ ደካማ ከሆነ 76ቱ የሚሰጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ እኩል ይፈላሉ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። ፋብሪካው 82 ላለው ሞተር 82 ግጠሙ። 88 ያለው ሞተርም በራሱ 88 ይቆይ።

ከመግዛታችሁ በፊት

የሚፈላ መኪና ሁሉ ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚገቡትንና የሚወጡትን ማኒኮቶዎች (የጎማ ቱቦዎች) ከፋኑ ርቃችሁ በጥንቃቄ ዳስሱ። ሞተሩ እየፈላ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ተነክሷል። ጌጁ በጣም ዘግይቶ የሚነሳና ቁልቁለት ላይ የሚወርድ ከሆነ ተከፍቶ ቀርቷል። ሁለቱም ማኒኮቶዎች ጋል ብለው መኪናው ከፈላ ራዲያተሩን፣ ፋኑንና ፋኑን የሚያዞረውን ቺንጋ እዩ። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከተንቦለቦለ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ ጥፋቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፤ በቴርሞስታት አይድንም።

የራዲያተሩን ክዳን እንዳትረሱ። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ጤነኛ 0.9 ክዳን ደንገጎ ላይ ያለው ውሃ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አይዝም። ያኔ ውሃው 93 ላይ ይፈላል፤ 82ቱ ቴርሞስታት ገና ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ጤነኛ ቴርሞስታት ተወንጅሎ ተጥሏል! ክዳኑን አብራችሁ ቀይሩ።

ስለ ውሃው ደግሞ የድሬ ሰው ነጋሪ አያስፈልገውም። ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ግድግዳውን እዩ። ያ ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩና ቴርሞስታቱ ላይም ይጋገራል። አዲስ ቴርሞስታት ገጥማችሁ የቧንቧ ውሃ ከሞላችሁበት ድካማችሁ ግማሹ ባከነ። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በኩል ቀላቅላችሁ ሙሉ። ለባትሪ የሚሸጠው ዲስትልድ ውሃ ይሆናል። ብሎክ ውስጥ የቆየ ዝገትና ቅርፊት ካለ መጀመሪያ ታጥቦ ይውጣ፤ አለዚያ መጥቶ አዲሱ ቴርሞስታት ላይ ይሰነቀራል።

ራስ መሥራት ወይስ ጋራዥ?

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ዶልፊን ላይ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ግን ቦታው ይጠባል። ቁልፍ ይዞ የሚያውቅ ሰው ራሱ ሊያደርገው ይችላል። የቴርሞስታቱን ቤት የያዙት ብሎኖች ዝገው የማይላወሱ ከሆነ አትታገሉ፤ አልሙኒየም ውስጥ የተሰበረ ብሎን ለማውጣት የሚወጣው ገንዘብ ከቴርሞስታቱ ይበልጣል። ያኔ ጋራዥ ውሰዱት። ጋራዥ ከሄዳችሁም ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ሂዱ፤ አሮጌውንም ተቀበሉ። ሲገጠም ቁሙና እዩ።

የሚታየው ነገር ብዙ አይደለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። አሮጌው ጓርኒሲዮን ተፍቆ ይውጣ፤ አዲስ ይግባ። በማስቲሽ ብዛት የሚገጥም ሜካኒክ ካያችሁ አስቁሙት፤ የተረፈው ማስቲሽ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀጭን መንገዶችን ይደፍናል። ሰሙ ያለበት ጎን ወደ ሞተሩ ይዙር። የአየር ማሳለፊያዋ ፒን ወደ ላይ ትሁን። ብሎኖቹ እያፈራረቁ በልኩ ይጥበቁ።

ሲሞላ አትቸኩሉ። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሙ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ፤ በቀስታ ሙሉ። ሞተሩን አስነስታችሁ ክዳኑ ክፍት እያለ ጠብቁ። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ጎደል ይላል፤ አረፋም ይወጣል። ጨምሩና ዝጉ። ውስጥ የቀረ አየር አዲሱን ቴርሞስታት የተበላሸ ያስመስለዋል።

በዚያው ቀን ተሳፋሪ ጭናችሁ ደንገጎን አትሞክሩ። መጀመሪያ ከተማ ውስጥ ንዱትና ጌጁ የት ላይ እንደሚቆም አስተውሉ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ክዳኑን ክፈቱና ውሃውን እዩ። ከጎደለ ሙሉ። የቴርሞስታቱን ቤት ዙሪያ በጣታችሁ ዳብሱ፤ ደረቅ ከሆነ ወደ ሐረር መጫን ትችላላችሁ።